ከጠይብ እስከ መሐንዲስ

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ልንደብቀው የምንፈልገውን ጉዳችንን አሳልፎ ይሰጠናል። «ጠይብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሀገር ቤት ያደገ አንባቢ ያስታውሰዋል፤ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የሚሰደቡበት፣ «ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ በዐይናቸው ሰው ይበላሉ» የሚባልላቸው ሰዎች መጠሪያ ነው። የቃሉ እናት ግን የግዕዙ «ጠቢብ» ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልኅ፣ ሥራ በእጁ የገባለት ሰው ማለት ነው። ሰሎሞንን የምናከብርበት፣ ከነጠላው ጥለት ላይ «ጥበብ» እያልን የምንለብሰው ቃል ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ከሚያወጣው ሰው ዘንድ ሲደርስ አንዲት ፊደል ለውጦ ስድብ ሆነ። አንዲት ፊደል! «ቢ» ወጥታ «ይ» ገባች፤ በቃ።

«መሐንዲስ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ይሁን ወይም ወረቀትና ማስመሪያ ይዞ ስለመጣ አላውቅም፣ እንደገባ ወንበር አገኘ። እሳትን፣ አፈርንና ብረትን ለሰው እንዲታዘዙ የሚያደርግ ሰው መሐንዲስ ከሆነ፣ መንደሩ ዳር ወናፍ የሚያናፋው ሰውዬ ምን ሊባል ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው የምህንድስና ሰው ሆኜ አይደለም። እኔ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ ከአርማታ ጋር ያለኝ ዝምድና ከሥሩ ከመኖር የማያልፍ ሰው ነኝ። ነገሩን ቤቴ ድረስ ይዛው የመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ጋ እንደርሳለን።

ነገሥታቱ ችግሩን አላዩትም አንልም። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ሲያስቀልጡ፣ በመንገድ ሥራው ላይ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ተኝቷል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በጎንደር ምድር ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ፣ ለግንብና ለአናጢነት ሥራም ሲታዘዙ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። የነገሥታቱን ግንብ በእጃቸው ካሠሯቸው በኋላ፣ የዚያኑ እጅ ሰላምታ የሚሸሸው ሰው ስንት ነበር!

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ ይህን በሽታ ስሙን ጠርቶ የተናገረ ነው። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ እያላችሁ በሥራው አትስደቡ፤ ሥራ የማያውቅ የሰነፍ ልጅ ብልኁን እየሰደበ ሀገሬን ባለሙያ አልባ ሊያስቀራት ነው፤ የተሳደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል የሚል ነበር መንፈሱ። ቅጣቱም የአንድ ዓመት እስራት። አዋጁን ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ የተቆጣበት ምክንያት ነው። ንጉሡ ያዘኑት ለተሰዳቢው ብቻ አይደለም፤ የሀገሪቱም ሥራ አሳስቧቸዋል። ሰውን በሙያው የሚንቅ ሀገር ሙያውንም ያጣል ማለታቸው ነው፤ ስልክና ባቡር ለማስገባት ሲደክሙ ለነበሩ ንጉሥ ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም።

ታዲያ አዋጁ ሠራ ወይ? አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ጋብቻን አያስፈቅድም።

ለንጽጽር ጃፓንን ልጥቀስ። የእኛ የቀድሞ ሊቃውንት ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩ ነበር፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም የተቀዳው ከእነሱ ነው። ጃፓኖችም እንደኛ ቆዳ የሚፍቁና ከብት የሚያርዱ፣ በትውልድ የተናቁ ወገኖች ነበሯቸው። በ1871 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው የመደቡን ስም በአዋጅ ሻረ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የእነዚያን ሰዎች ሰፈሮች ስም የሚዘረዝር መጽሐፍ በስውር ታትሞ ለኩባንያዎች ሲሸጥ ተገኘ። ኩባንያው የሥራ አመልካቹን አድራሻ ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክርና «ይቅርታ፣ ቦታው ተይዟል» ይለዋል። እኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላተምንም። እኛ መጽሐፉን የምንይዘው በቃል ነው።

ወደ ከተማዬ ልመለስ። እኔ የተወለድሁት ሀዋሳ ነው። አባታችን ወሎዬ፣ እናታችን ሲዳማ ናት። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሐዲቾ፣ ቆዳ የሚፍቁት አዋቾ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾ ይባላሉ። በድሮው ልማድ ሌላው ጎሳ ከእነሱ ጋር አይጋባም፤ ማዕድ አይቆርስም። ይህ የሲዳማ ብቻ ጉድ አይደለም፤ ከምባታና ጉራጌ ብትሄዱ ፉጋ፣ ከፋ ብትሄዱ ማንጃ፣ ኮንሶም ብትወርዱ የራሱ ስም አለው። ማንም ማንንም የሚሰድብበት ሜዳ የለም።

በፊቼ ጫምባላላ፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በዓል፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚከበው ሻፌታ የሚባለው ሰፊ የሸክላ ገበታ ነው። ቡርሳሜው፣ ማለትም ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው የበዓሉ ምግብ፣ በእሱ ላይ ይቀርባል። አረጋውያን እንደሚተርኩት ፊቼ የአንዲት ሴት ስም ነው፤ ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር። እንግዲህ በዓሉ በሴት ስም የተጠራ፣ ገበታውም በሴት እጅ የተሠራ ነው። እናቴ ግን ከልጅነቷ የምታስታውሰው ሌላ ሥዕል ነው። ሐዲቾዋ ሸክላዋን ተሸክማ ስትመጣ ከደጅ ትቆማለች። ውኃ ከለመነች በእንሰት ቅጠል ይቀዳላታል። «ለምን በቅጠል?» አልኋት። «ቅጠሉ ይጣላላ!» አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። የሠራችው ሻፌታ ቤት ይገባል፤ የጠጣችበት ቅጠል ጉድጓድ ይጣላል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ቡና እየቆላች ነበርና ጥቂት ዝም ብላ ምጣዱን አየችው።

የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ያልነበራቸውን የእጅ ባለሙያዎች በሕግ ፊት ባለመሬት አድርጓቸዋል። አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶችም አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። የነገሩ ግማሽ ተነቅሏል ማለት ይቻላል። ሌላው ግማሽ የት እንዳለ ያየሁት ባለፈው ዓመት እዚሁ ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ውስጥ ነው።

ዕለቱ ስለ ግንባታው ዘርፍ የሥራ ዕድል ውይይት የሚደረግበት ነበር። እህቴ ተጋብዛ እኔን ጎትታኝ ሄደች። «ጋሼ፣ አንተ ሻይ ስትጠጣ እኔ እከራከራለሁ» አለችኝ። ከአዳራሹ ውጭ በመተላለፊያው ላይ ጀበና፣ ምጣድና ሻፌታ ተደርድሮ ለሽያጭ ቀርቧል። ከጎኑ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ቁጭ ብለዋል። እህቴ ሲዳምኛውን ከእኔ ይልቅ ታቀላጥፈዋለችና ሰላምታ ሰጥታ ወዲያው ወደ ጥያቄ ገባች። ጭቃው ውስጥ ምን ይጨመራል? ሴትዮዋ የተሰበረ ሸክላ ወቅጠው፣ ነፍተው ከአፈሩ ጋር እንደሚያቦኩ ነገሯት። ካልተጨመረስ? ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቢተርፍም እሳት ውስጥ ይፈነዳል። የበሰለውንና ያልበሰለውን በምን ይለዩታል? ሴትዮዋ አንዱን ጀበና አንሥተው በጣታቸው ኳ አደረጉት፤ ከዚያ ሌላውን። ድምፁ ይለያል። «ይሄኛው ታሟል» አሉ ስለ ሁለተኛው፤ ለብቻውም አስቀመጡት።

እህቴ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ ማብራራት ጀመረች። አርማታ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ የሚገባው ሲሚንቶ ለመቆጠብ ብቻ እንዳይመስለኝ፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ጠጠሩ ደግሞ አይሸበሸብም፣ ስለዚህ መሰንጠቁን ይይዘዋል። የሴትዮዋ የሸክላ ዱቄት ሥራውም ያው ነው። ኳ ማድረጉም ቢሆን በመሣሪያ ይሠራል፤ የቆመን ኮለን በድምፅ ሞገድ የሚመረምር ዕቃ አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም አለችኝ። «ይህን እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተማርኩት፤ እሳቸው ከእናታቸው ጓዳ» ብላ ሳቀች።

ሴትዮዋ ልጅ አለቻቸው። ከተማው ውስጥ ቴክኒክና ሙያ ትማራለች፤ የኤሌክትሪክ ሥራ። እህቴ በደስታ «ታዲያ ዛሬ አልመጣችም?» ስትላቸው ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። ልጅቷ ለጓደኞቿ እናቷ ነጋዴ እንደሆነች ነው የነገረቻቸው። ሸክላው ካለበት አትመጣም። ይህን ያሉት ያለ ምሬት ነው፤ «ትማር እንጂ» አሉ፣ «ከተማረች በኋላ ትናገራለች።»

ያ ነው እንግዲህ ሁለተኛው ግማሽ።

አዳራሹ ውስጥ የተባለውን ሁሉ አልተርክላችሁም፤ አብዛኛው የስብሰባ ቋንቋ ነበር። አንድ ሥራ ተቋራጭ ግን እጃቸውን አውጥተው በቅንነት ተናገሩ። «ሴት መሐንዲስ መቅጠር እንፈልጋለን፤ ግን ሳይት ከባድ ነው። ደኅንነቷን ማን ይጠብቃል? ለእሷም ቢሮ ይሻላታል» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እህቴ ተነሣችና «ጋሼ፣ እርስዎ ሳይት ላይ ባሬላ የሚሸከሙት ሴቶች አይደሉም እንዴ? የእነሱን ደኅንነት ማን ይጠብቃል?» አለቻቸው። መድረክ መሪው ሰዓት አየና ለሌላ ሰው ዕድል ሰጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሀገራችን የሕንፃ ሥራ ያለበትን ማንኛውንም ሰፈር እዩ፤ በሀዋሳም በአዲስ አበባም። አሸዋ የሚነፉት፣ ማልታ የሚያቀብሉት፣ ብሎኬት በራሳቸው አድርገው በእንጨቱ መወጣጫ አራተኛ ፎቅ የሚደርሱት ሴቶች ናቸው። ነጠላ ጫማ አድርገው፣ አንዳንዷም ልጇን ከጥላው ሥር አስተኝታ። ብዙ ቦታ ከወንዱ ያነሰ ይከፈላቸዋል። ማንም «ሳይት ለሴት ከባድ ነው» ብሎ ባሬላውን የተቀበላቸው የለም። ሥራው ለሴት የሚከብደው እርሳስና ፕላን የያዘች ዕለት ነው።

የእህቴ ታሪክ እንግዲህ ይኸው ነው። ሲቪል ምህንድስና የገባችው መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ባለበት ዘመን ነው። በየዩኒቨርሲቲው ምህንድስና እንደ ጎርፍ ሞላ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች ለቆየው በደል ማካካሻ የሚሆን ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል፤ በዚያ መሠረት ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግ ነበር። እህቴ ነጥቧ ከወንዶቹም መቁረጫ በላይ ነበር። ይህን የሚጠይቃት ግን አልነበረም። ቡድን ሲመሠረት «አፈርማቲቭ» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል፤ ከዚያ ለእሷ የሚደርሳት ሥራ ሪፖርት መተየብ ነው። ድጋፉ ትክክል ነበር፤ ያለ እሱ ደጁን የማይረግጡ ብዙ ነበሩና። ነገር ግን በር ከፍተን ካስገባናቸው በኋላ ውስጥ ያለውን ሰው ማን አነጋገረው?

ተመርቃ አንድ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጠረች፤ ስሙን አላነሣም። የመጀመሪያው ሳምንት ሳይት ዋለች። የደኅንነት ጫማ ሲታደል ትንሹ ቁጥር 41 ነው። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፣ መዝጊያ የለውም፤ ስለዚህ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ማታ ባለሙያዎቹ የሚያድሩበት ካምፕ የወንድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዋ «ጽሑፍሽ ያምራል» ብሎ ቢሮ አስገባት። የክፍያ ሰነድ፣ የሥራ መጠን ስሌት፣ ፎቶ ኮፒ። ደመወዙ ያው ነው፤ ጥላ አለ፤ እናታችንም ተደሰተች። ጉዳቱ የታየው ከሦስት ዓመት በኋላ የሥራ ልምድ ወረቀት ስታወጣ ነው። ከእሷ ጋር የተቀጠረው ልጅ ወረቀት ላይ «የሳይት መሐንዲስ» ይላል፤ የእሷ ላይ «የቢሮ መሐንዲስ»። በዚህ ሙያ ደረጃ የሚወጣው በተሠራ ሥራ ነው። ሶሌታ አስሞልቶ የማያውቅ መሐንዲስ ለቀጣዩ ሶሌታ ማን ይጠራዋል? ሰድቦ ያባረራት የለም። በትሕትናና በአሳቢነት ወንበር እየሳቡ አስቀሯት። የምኒልክ አዋጅ ስድብን ነው የከለከለው፤ እንዲህ ያለው ነገር ስድብ ስለሌለው በአዋጁም አይያዝ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በፆታ፣ በብሔርና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። እህቴ አዋጁን ታውቀዋለች። «ምን ብዬ ልክሰስ? ጽሑፍሽ ያምራል አሉኝ ብዬ?» ትለኛለች።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአብራሪዋ እስከ ምድር ሠራተኞቹ ሴቶች ብቻ ያሉበት በረራ ወደ ባንኮክ አድርጎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ደግሞታል። ደስ ብሎኛል። ግን እንዲህ ያለው በረራ ዜና መሆኑን ያቆመ ዕለት የበለጠ ደስ ይለኛል። እዚሁ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሠራተኛው አብዛኛው ሴት ነው። እዚያ የሠሩ የሰፈራችን ልጆች እንደሚያጫውቱኝ ከሆነ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ሴት ናት፤ ማሽኑ ሲበላሽ መፍቻ ይዞ የሚመጣው ግን ወንድ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብንሸሸውም የማይሸሸን። «ከየት ነሽ?» ይሏታል እህቴን። የአባቷ ስም ወደ አንድ ወገን፣ አፏ ወደ ሌላ ወገን ይወስዳታል። አንዱ ቦታ በአባቷ ስም ፊቱን ያጠቁራል፤ ሌላው ቦታ ሲዳምኛ ስትናገር ሰምቶ «ለካ የእነሱ ናት» ይላል። በእነዚህ ዓመታት በሀገራችን የሥራ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ፣ ግን መጀመሪያ የሚነበብ መስፈርት ይህ ነው። የዚህ ክልል ልጅ በገዛ ከተማው ቋንቋው ከቢሮ በር ውጭ የሚቀርበት ዘመን ረጅም ነበር። አንድ የመንግሥት መሐንዲስ ውኃ ከሚቆፍርለት ገበሬ ጋር መነጋገር አለበት ቢባል እኔም እስማማለሁ። የብረት መጠን ለማስላት ግን የአያት ስም አያስፈልግም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ከተማችን ውስጥ ሰው የሞተበትን፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ የተሸሸገበትን ሳምንት ያየ ሰው «ከየት ነሽ?» የምትለው ጥያቄ እንዴት ያለ ክብደት እንዳላት ያውቃል። እህቴ ያገኘችው መልስ አንድ ነው፤ «ከሀዋሳ» ትላለች፤ «ሀዋሳ የት?» ሲሏት «አቶቴ» ትላለች። ጠያቂው የሚቀጥለውን ለመጠየቅ ካላፈረ ችግሩ የእሱ ነው።

ከባህል አዳራሹ ስንወጣ እህቴ አንድ ሻፌታ ገዛች። ለእናታችን ነው። እናቴ ዕቃውን ተቀብላ በጣቷ ኳ አድርጋ አዳመጠችው፤ ከማን እንደተማረችው አልነገረችንም። «የሠራችውን ሴትዮ አገኛችኋት?» አለች። አዎ አልናት። «ቡና ልጋብዛት ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ልካባቸው መጡ። ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት፤ በሲኒ ነው የጠጡት። እናቴ ያን ቀን ብዙ አወራች፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ እንሰት በሽታ፣ ስለ ሁሉም ነገር፣ ከቅጠሉ በስተቀር።

እህቴ የቀድሞ ሥራዋን ለቃለች። አሁን በከተማው ዳር የሚሠራ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ለሦስት ወር ሙከራ ገብታለች፤ በጽሑፍ «የሳይት መሐንዲስ» ተብላ። የወንድ ልጆች ጫማ ከሚሸጥበት ሱቅ ቁጥር 38 ቡት በራሷ ገንዘብ ገዝታለች። ከባሬላ ተሸካሚዎቹ ጋር ሆነው ለሴቶች የሚሆን መጸዳጃ በቆርቆሮ እንዲታጠር ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። የፊታችን ሐሙስ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ይሞላል። የሚያስሞላው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገራትም።